ሌምኖስ ከራዳሩ የጠፋች ቀን

ፖሊክሴኒ ከሌምኖስ ደሴት ወጥታ አብራሪ ከሆነች ዓመታት አልፈዋል። አላገባችም። በሳምንት ሁለቴ ትውልድ አገሯ ታርፋለች፤ ሰው አውርዳ፣ ሰው ጭና፣ የእናቷን ቤት ጣሪያ ከላይ አይታ ወደ አቴንስ ትመለሳለች። እናቷ ሲያርፉም በረራ ላይ ነበረች።

የእናቷ አርባ ሲደርስ የጠዋቱን የሌምኖስ በረራ ራሷ ጠይቃ ወሰደች። ንፍሮው ተቀቅሏል፤ ወንድሟ አርጊሪስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይጠብቃታል።

ባሕሩ መሃል ሲደርሱ ደመና እንደ ግንብ ተገትሮ ጠበቃቸው። ራዳሩ ከባዱን ዝናብ ግራና ቀኝ በቀይ፣ ቀለል ያለውን መሃሉን በቢጫ አሳየ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«ካፒቴን፣ በመሃል ሾልከን እንለፍ» አለ ረዳቷ ስትራቶስ። «ከኋላው ንጹሕ ነው። ዛሬ ደግሞ የእናትዎ ቀን ነው።»

ፖሊክሴኒ የራዳሩን አንቴና ወደ ታች አዘነበለች። እንዲህ ሲሆን የብስ መታየት አለበት። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል የአቶስ ተራራ ጉልህ ብሎ ወጣ።

«ደሴቷስ የታለች?» አለችው።

ስትራቶስ አንገቱን አስግጎ አየ። «እ... የለችም።»

«ሌምኖስ ካልሰጠመች በቀር ይሄ ጥቁር ንጹሕ አይደለም። ዝናቡ የራዳሩን ጨረር ውጦ አስቀርቶታል። ከኋላው ያለውን አናይም።»

አውሮፕላኑን ወደ ተሰሎንቄ አዞረችው።

እዚያ ሲያርፉ መንገደኛው ሁሉ አጉረመረመ። የእናቷ ጎረቤት የነበሩት ሽማግሌው ክሳንቶስ ደረጃው ላይ ቆሙባት።

«አንቺ ልጅ፣ ለእናትሽ እንኳ ትንሽ አትደፍሪም?»

«እርስዎን ይዤ እንዴት ልድፈር፣ አባባ?»

«እኔማ ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ በኔ አታሳብቢ!»

ወደ ወንድሟ ደወለች።

«የት ነሽ?»

«ተሰሎንቄ። ደመና ዘጋብን።»

«የምን ደመና? እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል!»

«ከናንተና ከኔ መሃል ነው፣ አርጊሪስ።»

«ካንቺና ከኛ መሃል መቼ አንድ ነገር ጠፍቶ ያውቃል?» ብሎ ዘጋባት።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ግንቡ በነበረበት ቦታ የተበጫጨቀ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቻ ቀርቷል።

«አሁን ማን ያምነናል?» አለ ስትራቶስ።

«ማንም» አለች።

ሌምኖስ ሲያርፉ ሰዉ ወደየመኪናው ተበተነ። አርጊሪስ አልመጣም። ወደ አቴንስ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች እየጠበቋት ስለነበር ወዲያው ተነሥታ በረረች።

ዕረፍት ስታገኝ ወደ ደሴቷ በመርከብ ሄደች። ወንድሟ በሩን ከፈተላት፣ ዓሣ ጠበሰላት፣ ስለ ወይን አዝመራው አወራላት፤ የአርባውን ቀን ነገር ግን ሁለቱም አላነሱትም። ወደ እናቷ መቃብር ብቻዋን ወጣች። ነፋሱ ጧፉን ደጋግሞ አጠፋባት። በመጨረሻ መለኮሱን ትታ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች፤ መርከቧ ጥሩንባ እስክትነፋ ድረስ አልተነሣችም።