ስልሳ ቀን ነው ያልኩበት ሥልጠና

የጥብቅና ፈቃድ ለማሳደስ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው የተባለ ጊዜ ከተቆጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጥኩም። መሐል ሜዳ መዝገብ ቤት ፋይል እየተሸከምኩ ሕጉን ከመጽሐፉ አነበብኩ፤ በኋላም ተፈትኜ ፈቃድ አወጣሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት «ሳታነቡ አትናገሩ» እያልኩ ነው።

ሥልጠናው ደብረ ብርሃን ላይ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈተና አለ። ያልተፈተነ የምስክር ወረቀት አያገኝም፤ የምስክር ወረቀት የሌለው ፈቃዱ አይታደስም። የእኔ ፈቃድ ሊያበቃ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የኋላ ወንበር ይዤ የአንድ የመሬት ክርክር ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ አነብ ነበር። አሠልጣኟ የልጄ እኩያ ናት። ስለ ይግባኝ ጊዜ ስታስረዳ ቆይታ ወደ ኋላ ተመለከተች።

«እስቲ ልምድ ያላቸው አባታችን ይንገሩን። የወረዳ ፍርድ ቤት በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የሰጠው ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት በስንት ቀን ውስጥ ነው?»

ተነሣሁ። «ስልሳ» አልኩና ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ በሌላው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንደዚያ ነው። በሥራ ጉዳይ ሠላሳ ነው።»

«እኔ ይግባኝ መጻፍ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም!»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት ጠበቃ ዞር ብሎ፣ «ኧረ አባባ፣ ሕጉም እኮ ከእሷ በኋላ ነው የተወለደው!» አለና አዳራሹን አሳቀው።

እሷ አልሳቀችም። አዋጁን ገልጣ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ሠላሳ ቀን ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አንድ ዘበኛ ደንበኛዬ ትዝ አለኝ።

ዘበኛው በቀየት በኩል መንገድ ለሚሠራ ተቋራጭ ለዓመታት ማሽን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ናፍጣ ጠፋ ብለው አባረሩት፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሌሊት ተራዬ አልነበረም ይላል። ወረዳው ፈረደበት፤ ይግባኙን እኔ ያዝኩለት። ውሳኔው የተነበበው በሚካኤል ዕለት ነው። ቀን የምቆጥረው እንደ አባቴ በበዓላት ስለሆነ ወረቀት አላስፈለገኝም፤ ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ሠላሳ ቀን ነው። ያ ማክሰኞ ወሩ በገባ በአሥረኛው፣ መስቀል ነበር። ሚካኤል ሐሙስ ይውላል። ሐሙስ ካለፈ ሰውየው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ልጄ ሕግ ተመርቃ፣ ፈቃድ እስክታገኝ ቢሮዬ ታግዘኛለች። ውሳኔው የተነበበ ዕለት፣ «አባባ፣ የሥራ ጉዳይ ሠላሳ ቀን አይደለም እንዴ?» ብላኝ ነበር። መጽሐፉን ከመግለጥ ይልቅ፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ችሎት ቆመሽ ታውቂያለሽ!» አልኳት። ዝም አለች። በቤቴ እኔ ስናገር ሌላው ዝም ይላል፤ ይህን ጥሩ አስተዳደግ ብዬ ስኮራበት ኖሬያለሁ።

በእረፍት ሰዓት ደወልኩላት። ኔትዎርኩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ በአራተኛው ያዘ።

«የዘበኛው ውሳኔ ግልባጭ ወጥቷል?»

«አልወጣም። ጊዜ አለ፣ ተይው ብለውኝ አልነበር?»

«ነገ ጧት አስወጪው። ይግባኙ የሚያበቃው ሐሙስ ነው።»

«ሠላሳ ነው ማለት ነው» አለች።

«አስወጪው አልኩሽ!» ብዬ ዘጋሁት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆማ ማኅተም አስደርጋ አወጣችው። ያን ሰሞን መኪና አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ይግባኙ የሚገባው ደብረ ብርሃን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ሐሙስ ጧት ዘበኛው ሚኒባስ አግኝቶ ግልባጩን በደረቱ ይዞ ከመሐል ሜዳ ተነሣ። እኔም የይግባኙን ማመልከቻ ጽፌ፣ ኮምፒውተር ቤት አስተይቤ ጠበቅኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ጣርማ በር ላይ አቁመውናል። ጉም ነው ይላሉ፤ ሌላም ነገር አለ ይላሉ። እኔ ምኑን አውቄ!»

ፈተናው ስምንት ሰዓት ነው። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ከገባሁ የሰውየውን ጥሪ አልሰማም፤ እሱ ፍርድ ቤቱን አያውቀው፣ ማመልከቻውም ያለው እኔ ዘንድ ነው። አሠልጣኟን ሌላ ሰዓት ልፈተን እችል እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አባቴ፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ዛሬ ካልተፈተኑ ለሚቀጥለው ዙር ነው።»

እኔም በሷ ቦታ ብሆን የምመልሰው ይህንኑ ነበርና አልለመንኳት። ያ ያሳቀብኝ ወጣት ግን ሰምቶ ኖሮ ጠጋ አለኝ።

«ይሂዱ አባባ። ወረቀትዎን እኔ እሞላልዎታለሁ፤ ማን ያያል?»

አልዋሽም፤ አንድ ጨዋ ሰው ሊያስብበት ከሚገባው በላይ ቆሜ አሰብኩበት። ፈቃዴ እንጀራዬ ነው። ከዚያ «አይሆንም፣ ልጄ» ብዬ ወጣሁ። አዳራሹ ከኋላዬ ሲዘጋ ሰማሁት።

መናኸሪያ ሦስት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ሚኒባሱ የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። በባጃጅ ስንደርስ ሬጅስትራሯ መሳቢያዋን እየቆለፈች ነበር።

«ነገ አይመጡም?»

«ነገ የለም» አልኳት።

የውሳኔውን ቀን አየች፤ በጣቷ ቆጠረች፤ ቀና ብላ አየችኝ። መሳቢያዋን መልሳ ከፍታ ማኅተሙን አወጣችና መታችበት።

ውጭ አግዳሚው ላይ ዘበኛውን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኩት፤ ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን፣ ልጄ ነግራኝ አልሰማ ማለቴን፣ ፈተናውን ስለተውኩ በቀጠሮው ቀን ከጎኑ ላልቆም እንደምችል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ልጅቱን አይሰሟትም ነበር?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አሁን ግን ገባ፣ አይደል?»

«ገባ።»

«እንግዲያው የሚቆምልኝን ሰው ይፈልጉልኝ። እርስዎ ነዎት ያዘገዩኝ።»

ተገቢ ነው። እፈልግልሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

ለልጄ ደወልኩ። «ገባ» አልኳት።

«ፈተናውስ?»

«አልተፈተንኩም።» ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ያኔ ሠላሳ ስትዪኝ ልክ ነበርሽ። መጽሐፉን ሳልገልጥ ነው የተቆጣሁሽ።»

እንዲህ ያለ ቃል ለልጆቼ ተናግሬ አላውቅም። «ምንም አይደል አባባ» እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም።

«ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግበዋል?»

«ገና ነኝ።»

«አዳራሹ ሳይዘጋ ሄደው ይመዝገቡ። ሲጨርሱ ይደውሉልኝ።»

ድምፅዋ የእኔው ቁጣ ነበረበት። ሄድኩ። አሠልጣኟ የተሰበሰበውን የፈተና ወረቀት ፖስታ ውስጥ እያሸገች ነበር። ደብተሯን ገልጣ የፈቃድ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።