ለማሽኔ የሰረቅሁት ጠበል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ከአንድ ሳህን አብሮኝ ለሚበላው ለጓደኛዬ ለሀብታሙም አልነገርሁም። ለእናንተ የምነግራችሁ ደፍሬ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። እንግዲህ ስሙኝ። እኔ ሰርቄያለሁ። የሰረቅሁት ከአንዲት የታመሙ ሴት ነው፤ የሰረቅሁትም ጠበላቸውን ነው።

ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ። የሽንዲ ልጅ ስለሆንሁ ከተማው ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም፤ እትዬ የሺ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ የሺ እንደ ተከራይ አይተውኝ አያውቁም። ካመሸሁ እራቴን ከድነው ያቆዩልኛል፤ ሳስነጥስ ከጓዳ ሆነው «ይማርህ» ይሉኛል። ጉልበታቸውን በጣም ያማቸው ነበር። ከመደብ የሚነሡት ግድግዳ ይዘው ነው።

እኔን ደግሞ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነበር፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር በገዛ እጄ መገጣጠም። ትርፍ ሰዓቴን ለሰዎች የቤት ንድፍ እሠራ ነበርና «ለሥራዬ ነው» እል ነበር። ውሸቴን ነው። ተራው ኮምፒውተር ከነማራገቢያው ከበቂ በላይ ነበር። እኔ የፈለግሁት ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ፣ በውስጡ ውሃ የሚመላለስበት ጥርት ያለ ቱቦ፣ ያንንም አይቶ አፉን የሚይዝ ሰው ነው። ሀብታሙ አዲስ አበባ በተመላለሰ ቁጥር ዕቃውን አንድ በአንድ አመጣልኝ። ፓምፑ ውሃውን ይገፋል፤ ውሃው የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተሸክሞ ራዲያተሩ ላይ ያራግፍና ቀዝቅዞ ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔ ግን ሰማይ የማርስ መስሎኝ ነበር።

እትዬ የሺ ከጠበል የተመለሱት እኔ የኮምፒውተሩን ዕቃ ስሰበስብ ነው። ጠበሉ ከፈረስ ቤት ከተማ ወዲያ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ነው። በዚያ ጉልበት ቁልቁለቱን በዱላ ወርደው ሱባኤ ያዙ፤ ለቤት የሚሆን ደግሞ በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጡ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጡታል፣ ጉልበታቸውንም ያሹበታል። እኔ አላርፍ ብዬ «እትዬ፣ ይኸ ውሃ ከርሞ አረንጓዴ እንዳያበቅልብዎ» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«ጠበል አይበላሽም፣ ልጄ» አሉኝ። «ዓመት ቢቀመጥም አይሸትም፣ ትል አያወጣም። አንተ ፊደሉ በዝቶብህ ነው እንጂ እናትህን ብትጠይቅ ትነግርህ ነበር።» እሳቸውም ሳቁ።

ይህችን ቃላቸውን ያዙልኝ፤ የሰረቅሁት በእሷ ነው።

ኮምፒውተሩ ያለቀው እሑድ ጠዋት ነበር። ከምሳ በኋላ ጓደኞቼ ሊያዩት ይመጣሉ። ሀብታሙ ያመጣው የፋብሪካ ፈሳሽ አውቶቡስ ላይ ፈንድቶ ስለ ቀረ፣ ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዝቼ ነበር። የባትሪ ውሃ የተጣራ ነው፤ ቱቦ አይደፍንም። ፓምፑን ብቻ አስነሥቼ ስሞክረው አንዱ መጋጠሚያ ለቀቀና ውሃዬ ወለሉ ላይ ተደፋ። የቀረው ለፓምፑ እንኳ አይበቃም፤ ፓምፕ ደግሞ በደረቁ ከሠራ ይቃጠላል። ጋራዡ ዝግ ነው። ቡሬ ላለ ጋራዥ ደውዬ ብጠይቅ «ሰኞ ና» አሉኝ። ግቢያችን ውስጥ በበርሜል የተጠራቀመ የቧንቧ ውሃ ነበር፤ እሱ ግን ሲውል ሲያድር አረንጓዴ ይይዛል፤ ያንን የመሰለ ቱቦዬን ያበላሽብኛል ብዬ ተጸየፍሁት። የማይበላሽ ውሃ ከየት ላምጣ?

እትዬ የሺ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጓዳቸው ገባሁ። ጀሪካኑን አነሣሁ። ጠበሉን ወደ ማሽኔ ገለበጥሁ። ከዚያ ያጎደልሁትን ያህል ከበርሜሉ ሞላሁና ክዳኑን እንደ ነበረ አድርጌ አጠበቅሁት።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት እያፏጨሁ ነው። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ብጠይቃቸው እኮ ይሰጡኝ ነበር! «ለማሽኔ ነው» ብላቸው ስቀው፣ ራሳቸው ቀድተው ይሰጡኝ ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቅሁም? የሳቅሁበትን ነገር መልሼ መለመን አሳፈረኝ። ሰኞን መጠበቅ አቃተኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ለማሽኔ ሲሆን «ጠበል ነው፣ አይበላሽም» ብዬ አመንሁ፤ ለእሳቸው ሲሆን «ውሃ ያው ውሃ ነው» አልሁ። እምነታቸውን ለብረት ወስጄ ለእሳቸው የበርሜል ውሃ ተውሁላቸው።

ጓደኞቼ መጡ፤ እንደ ተመኘሁትም አፋቸውን ያዙ። እትዬ የሺም ጫጫታውን ሰምተው በሩን ይዘው ብቅ አሉ።

«ይኸ የሚንቆረቆረው ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው፣ እትዬ።»

«ኧረ! ማሽንም ውሃ ይጠማዋል?» አሉና ሄዱ። ሲመለሱ ከዚያው ጀሪካን በጣሳ ቀድተው ይዘዋል። «እንግዲያማ ሥራህ ይባረክልህ» ብለው ግንባሬ ላይ ረጩ፤ ቀጥለው ወደ ኮምፒውተሩ ሲያዞሩት እኔ «እትዬ!» ብዬ ጮኼ ጃኬቴን ጣልሁበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግንባሬ ላይ የሚወርደው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል፤ እኔንም ወሰደኝ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው አማትበው ያንን የበርሜል ውሃ ይጠጣሉ። እኔ በበራቸው ሳልፍ «እንዴት አደሩ?» እላለሁ። ጉልበታቸው ግን አበጠ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ጭራሽ ባሰባቸው።

አንድ ምሽት እራት እያቀረቡልኝ «ጠበሉስ ጠበል ነው» አሉ። «የማልረባው እኔው ነኝ። ማንኩሳ ካለችው እኅቴ ጋር በመሬት ተቀያይመን እንዳኮረፍኋት ነው የጠጣሁት። ቂም ይዞ ጠበል መጠጣት መዳፈር አይዶል? ለነፍስ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።»

የነፍስ አባታቸው ጉልበታቸውን አይተው «ለእርስዎ ጸሎት ይበቃል» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ስግደት ካልሰጡኝ ብለው ለምነው ተቀበሉ። ክፍሌና ክፍላቸው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ እሰማለሁ። «ይቅር በለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ለመነሣት አልጋውን ሲይዙ አልጋው ሲጮህ እሰማለሁ። ከግድግዳው ወዲህ ፓምፔ ውስጥ ጠበላቸው ይዞራል።

ያን ምሽት መናገር እችል ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፤ እኔ ነኝ» ለማለት ምን ይፈጃል? እኔ ምን እንዳልሁ ታውቃላችሁ? «ሐኪም ቤት ቢሄዱ ይሻላል» አልኋቸው። መከርኋቸው! ሰርቄ ሳበቃ መካሪ ሆንሁ። እሳቸውም መረቁኝ።

ማሽኑም አልቆየልኝም። እየጋለ ይጠፋብኝ ጀመር። ስፈታው በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው መዳብ ውስጡ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነጭ ድንጋይ ይዞ ተደፍኗል፤ ከዓለት የወጣ ውሃ ነዋ። ውሃውን አሸተትሁት፤ አይሸትም። አረንጓዴም አልያዘም። እትዬ የሺ እውነታቸውን ነበር። ሰው የማይረግጠው አጥር ሥር ወስጄ ደፋሁት፤ ያን ስደፋም ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር እያልሁ ነው።

ከዚያ ቡሬ ተዛወርሁ፤ ትዳርም ያዝሁ። ኮምፒውተሩን ፈታትቼ በተንሁት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። በበዓል በበዓል እትዬ የሺን እጠይቃለሁ። አሁን ያለ ምርኩዝ ከበር አይወጡም። ከእኅታቸው ጋር ታርቀዋል። አንዳንዴ «በእኔ ሰበብ ታረቁ» ብዬ ራሴን ላጽናና እቃጣለሁ፤ ዝም በል እለዋለሁ። እርቁ የእሳቸው ነው፤ ለእኔ ምኔ ነው?

በቅርቡ ልጠይቃቸው የሄድሁ ዕለት የሰፈሩ ሰው ሚኒባስ ይዞ ወደዚያው ጠበል ሊሄድ ተሰናድቶ ደረስሁ። የፊት ወንበር ለእሳቸው ትተውላቸዋል። እሳቸው እምቢ አሉ።

«እኔን አልተቀበለኝም። ደግሜ አላስቸግረውም» አሉ።

ለካ ከዚያ ወዲህ ጠበል ቤት ደርሰው አያውቁም። ጉልበታቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እኔ የወሰድሁባቸው ይህንን ነው። አንዲት ሴት በዚህ ዕድሜያቸው እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል ብለው ይኖራሉ፤ ያዞርሁት ግን እኔ ነኝ።

«ይሂዱ እንጂ፣ እትዬ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «አንተ ነህ ሂጂ የምትለኝ? ትስቅብኝ አልነበር?»

አፌን ከፈትሁ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አፌን ዘጋሁ።

«ልጅነት ነው» አትበሉኝ፤ ደመወዝተኛ ነበርሁ። «ውሃ ነው፣ ምን አለበት» አትበሉኝ፤ ይህን ለራሴ ብዬው ነው የሰረቅሁት። እግዜር ይፍታህም አትበሉኝ። ያለ እሳቸው የሚፈታኝ የለም፤ እሳቸው ደግሞ ያሰርኋቸው እኔ መሆኔን አያውቁም።

መኪናው ሲነሣ እትዬ የሺ በሩ ላይ ቆመው «ለእኔም ለኃጢአተኛዋ ጸልዩልኝ» ብለው ተጣሩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ እንዳይወድቁ ክንዳቸውን ይዤ ነበር።