ተወጥሮ የከረመ ደጋን

በሸሕዲ ከተማ ጥጥ በመንደፍና በመፍተል እማማ አዛለችን የሚስተካከል አልነበረም። ዓይናቸው ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ "እንግዲህ አርፈው ይቀመጣሉ" አለ። የት አርፈው! በጆሯቸው መንደፍ ጀመሩ። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታ መጀመሪያ ድምፁ ይታፈናል፤ ጥጡ እየተበተነ ባዘቶ ሲሆን ግን እየጠራ ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጃቸውን የሚያቆሙት ያ ድምፅ ሲጠራ ነበር። ሸማኔው ሽመክት፣ ከምስጋና ይልቅ ነቀፋ የሚቀናው ሰውዬ፣ ከእርሳቸው ፈትል ሌላ እጄ አላስገባም ይል ነበር።

ደጋኑን ከለንቋጣ እንጨት የጠረቡላቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ሥራ ሲያበቃ እማማ ጅማቱን ከአንድ ጫፍ ያወልቃሉ፤ እንጨቱን የሰሊጥ ዘይት ያስነኩና ከፀሐይ አርቀው በሁለት ችካል ላይ ያጋድሙታል። የቆላው ሙቀት እንኳን እንጨት ሰውም ያደርቃል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ አብደራፊ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳው ልጃቸው ምንይችል ለዓይናቸው ጠበል ወደ ደጋ ወሰዳቸው። ሁለት ወር ቆይተው፣ ዓይናቸው ሳይበራ ተመለሱ። ምራታቸው ሰገነት ግን አንድ ደግ ሥራ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ጅማቱን ለማሰር ሲታገሉ ባየች ቁጥር አንጀቷን ይበሏት ነበርና፣ ሲመጡ ዝግጁ ሆኖ እንዲያገኙት ገና እንደሄዱ ደጋኑን ወጥራ ሰቅላው ነበር።

እማማ አዛለች አንስተው አንዴ ብቻ መቱት።

"ማን ነው ወጥሮ ያከረመው?"

"እኔ ነኝ እማማ። እንዳይደክሙ ብዬ።"

ጅማቱን ሲያወልቁት እንጨቱ እንደ ወትሮው አልተቃናም፤ ጎብጦ ቀረ። መልሰው ቢወጥሩት ጅማቱ ላልቷል፤ ድምፁ ዱብ ዱብ ብቻ ሆነ። ባዘቶው እየተቋጠረ ወጣ፤ ክሩም እንዝርት ላይ እየተበጠሰ አስቸገረ። ዓይናቸው ሲጠፋ ያላለቀሱት ሴትዮ ያን ቀን አለቀሱ።

"አይዞሽ እማ፣ እኛ እያለን ምን አደከመሽ? ተቀምጠሽ ብትበዪስ?" አለ ምንይችል። ከልቡ ነው። እርሳቸው ግን የሚፈሩት ይህንኑ ነበር፤ ተቀምጦ መብላት፣ ደጅ ለመውጣት እንኳ የሰው እጅ መጠበቅ፣ ኋላም ጥግ ላይ መረሳት።

"እጄ አልታወረም" አሉት። ወደ ሰገነት ዞረውም "ውኃ ጣጂልኝ" አሉ።

እንጨቱን በሚፈላው ድስት እንፋሎት ላይ እያገላበጡ አሞቁት። ሰገነት ለማቃናት ስትጣደፍ እጇን መታ አደረጓት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሲለሰልስ ወደ ተቃራኒው ጎን በቀስታ ገፍተው ከአልጋው ጠርዝ ጋር አስረው አሳደሩት። በማግሥቱ ሲፈቱት መልሶ ግማሽ በግማሽ ጎበጠ። እንደገና አሞቁት። በሦስተኛው ቀን ከመሀሉ ስንጥር ተነሣ። ሰገነት ሳትነግራቸው ጣታቸው አገኘው፤ በእርጥብ ጅማት ጠምጥመው አሰሩትና ቀጠሉ። ስምንት ቀን ጥርሳቸውን ነክሰው ታገሉት።

በዘጠነኛው ቀን ዘይት ቀብተው፣ ከድሮው አጠር ያለ ጅማት ወጠሩበት። ደጋኑ ጉልበት አገኘ። ድምፁ ግን የድሮው አይደለም፤ ቀጠን ያለ እንግዳ ድምፅ ነው። ጥጡ መቼ እንደተበተነ ሊለዩበት አልቻሉም፤ ጆሯቸውም እንደ ዓይናቸው የከዳቸው መሰላቸው። ለአፍታ ደጋኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ ሰገነትን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ዓይንሽን አውሺኝ" አሉና ይነድፉ ጀመር። "አሁንስ?"

"ገና ነው።"

"አሁን?"

"አሁን ተበተነ።"

ያን ድምፅ ለመልመድ ደጋግመው መቱ። ሌላ ጥጥ ጨመሩ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሠልስቱም እንዲሁ።

በአራተኛው ቀን ሰገነት "ተበትኗል" አለች። እማማ አዛለች እጃቸውን አላቆሙም።

"ገና ነው" አሉ።

ሰገነት ጎንበስ ብላ ነጩን ባዘቶ በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ አንድ ያልተበተነ ቋጠሮ አገኘች።