እሜቴን ፍለጋ

እሪ በከንቱ ውስጥ ሹራብ ሠሪዋን ሰርክአዲስን የማያውቅ የለም። ሐምሌ ሲገባ ግማሹ ሰፈር የሚሞቀው በእሷ እጅ ሥራ ነው። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያለቻት አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ግራጫ ድመት ናት፤ ስሟም እሜቴ። ያራዳ ልጆች በደጇ ሲያልፉ «እሜቴ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ሰርክአዲስም «እግዜር ይመስገን ብላለች» ትላለች እንጂ አትቆጣም።

እሜቴ አርጅታለች። ጥርሷ አልቋል፣ ዓይኗ ጠፍቷል። ሰርክአዲስ ሳምባ ቀቅላ፣ በቢላ አድቅቃ በጣቷ ታጎርሳታለች፤ ብርድ እንዳይመታት ከትርፍራፊ ክር ሰደርያ ሠርታ አልብሳታለች። ኧረ ምኑ ቅጡ! ሰው ለእናቱም እንዲህ አይሆን። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት።

አንድ ቀን የጎረቤቷ የየሺዓለም በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ እሜቴ ዳብሳ ዳብሳ ሄደችና መሐሉ ላይ ሸናችበት። ሰርክአዲስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! የሺዓለም ግን ሳቀች። «ተይ እንጂ፣ እኛስ አናረጅም?» አለቻት። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተው፣ አንዷ ስትታመም አንዷ አጥሚት እያፈላች የኖሩ ናቸው፤ ሰርክአዲስም ሳቋን አመነች።

በሳምንቱ ሰርክአዲስ ከለቅሶ ስትመለስ እሜቴ የለችም። «የማታይ ድመት ወዴት ትሄዳለች?» ብላ ጮኸች። የሺዓለም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ አብረው ፈለጉ፤ በየቱቦው፣ በየፈረሰው ቤት ፍርስራሽ ሥር። «እሜቴ! እሜቴ!» ስትል የየሺዓለም ድምፅ ከሰርክአዲስ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ ሲደርሱ ግን «ዕውር ድመት ይሄን ሁሉ መኪና አልፋ ትሻገራለች? አጉል ድካም ነው» ብላ መለሰቻት።

በሦስተኛው ቀን ማታ እቅፍ አደረገቻት። «ድመት ሞቷን ለሰው አታሳይም፣ እህቴ። በቃ፣ እርምሽን አውጪ።» ሰርክአዲስ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እንዲህ ያለች ጎረቤት ስለሰጣትም አምላኳን አመሰገነች። አይ ሞኝነት!

በአሥረኛው ቀን አላስቻላትም። ያልፈለጉት ከድልድዩ ማዶ ብቻ ነበር፤ ለየሺዓለም ሳትነግራት ብቻዋን ተሻገረች። ወደ አፍንጮ በር እየወጣች ሱቅ ለሱቅ ጠየቀች። ኢክላስ የምትባል ባለሱቅ ገና ሳትጨርስ «ሰደርያ የለበሰችዋን?» አለቻት። ሰርክአዲስ ተንደርድራ ገባች።

እሜቴ ከባንኮኒው ሥር ተኝታለች። አጥንቷ ወጥቷል፤ ቢሆንም በሕይወት አለች። የሰርክአዲስን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ቀና አድርጋ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

«ማን አመጣት፣ ልጄ?»

«እንጃ፣ እትዬ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሰግጄ ስወጣ በማዳበሪያ ታስራ ደጄ ላይ አገኘኋት። ድመት ወንዝ ካሻገሯት አትመለስም ይሉ የለ? እንዲያ አስበው ነው የጣሏት። ማዳበሪያውን አጥቤ አነጠፍኩላት።»

ሰርክአዲስ ጎንበስ ብላ ድመቷን አነሳች። ከሥሯ ማዳበሪያው ላይ በጥቁር ቀለም «የሺዓለም» የሚል ተጽፏል። ወፍጮ ቤት ከሰው እህል ጋር እንዳይቀየር የተጻፈ ነው። የሺዓለም ፊደል አልቆጠረችም፤ ስሟን የጻፈችላት ራሷ ሰርክአዲስ ናት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ!

እቤት ስትደርስ የሺዓለም ደጇ ላይ ሽንብራ ትለቅማለች። ድመቷን ስታይ ብድግ አለች። «እሰይ! እሰይ! ተገኘች? የት ነበረች?»

«ማዳበሪያሽን አምጥቼልሻለሁ» አለቻት ሰርክአዲስ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋ እየዘረጋችላት። «ስምሽ አለበት።»

የየሺዓለም ፊት ዐመድ መሰለ። «ለአንቺው ብዬ ነው፣ በሞትኩት! ስትደክሚ እያየሁ...»

«መጣሉንስ ይቅር እልሽ ነበር፤ በርበሬሽን አበላሽታብሻለች። ሦስት ቀን ሙሉ አብረሽኝ መጣራትሽን ግን ምን ላድርገው?»

ሰርክአዲስ እሜቴን አቅፋ ገባች፤ ሠላሳ ዓመት ቀን ለቀን ተዘግቶ የማያውቀውን በሯንም ከውስጥ ቀረቀረችው።