የሁለተኛው ሐኪም ፊርማ

ረስሚያ በአዋላጅነት ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ መንደሩ የሚያውቃት ሕፃን ተቀብላ እልል ስትል ነው። እርግዝና አስጨንቋቸው አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡላት ሴቶች ግን ሌላም ያውቁላታል። ሂያም አንዷ ናት። ሦስት ልጆች አሏት፣ ልቧ ደካማ ነው፤ ይህ አራተኛው እርግዝና እንደሚገድላት ሐኪም ነግሯታል።

ሕጉ ዮርዳኖሶች አገሩን ይገዙ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። የእናትየዋን ሕይወት ለማትረፍ ካልሆነ ጽንስ ማቋረጥን አይፈቅድም፤ ለዚያም ሁለት ሐኪሞች መፈረም አለባቸው። አንዱ ትናንት ፈርሟል። ሁለተኛው፣ የሂያምን ልብ ሲከታተል የኖረው ዶክተር ሙንጂድ፣ የሚኖረው በማዶው መንደር ነው፤ መንገዱን ወታደሮች በአፈር ከዘጉት ዘጠኝ ቀን ሆኗል። ወደ ከተማው ሆስፒታል አምቡላንስ እንዲያልፍ የተፈቀደው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ብቻ ነው።

ጊዜው የወይራ ለቀማ ነው። የሁለቱም መንደር ዛፎች ጎን ለጎን ያሉት ወታደሮቹ ካቆሙት አጥር ወዲያ ሲሆን፣ የአጥሩ በር የሚከፈተው ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ ነው። ረስሚያ አንዱ ሐኪም የፈረመበትን ወረቀት ከዳቦዋ ጋር ጠቅልላ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆመች።

«ብቻሽን ነው የምትለቅሚው?» አላት ወታደሩ የይለፍ ወረቀቷን እያገላበጠ።

«ልጆቼን እንዳያልፉ ከልክላችኋቸዋል። አንተ ታግዘኛለህ?»

በእጁ እለፊ አላት።

ዶክተሩን መሰላል ላይ አገኘችው። እናቱ ከታች ተቀምጣ የረገፈውን ትለቅማለች።

«እትዬ ረስሚያ፣ ዛፍዎ ጠፋብዎት እንዴ?»

«ዛፌስ አለ። የጠፋህብኝ አንተ ነህ። ውረድ።»

«የጀመርኩትን ልጨርስ። ያልተጨረሰ ዛፍ ትቼ ብወርድ እናቴ ቤት አታስገባኝም።»

ወረቀቱን ወደ ላይ ዘረጋችለት። እዚያው ሆኖ አነበበው፤ ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«ልቧን አውቀዋለሁ። አትችለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ሰው ቢሰማ ክሊኒኬን የሚረግጥ አይኖርም።»

«እሷ ብትሞት ልጆቿን ማን ሊያሳድግ ነው?»

ወረቀቱን እንደገና አነበበው። እናቱ ቀና አለች።

«ሴትየዋ ልትሞት ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ? ውረድ፣ መሰላሉን ለእኔ ልቀቅ።»

«ጉልበትሽ—»

«ጉልበቴን ተወው። ዛፉን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ወረደ። እናቱ እያቃሰተች ስትወጣ አንድ እጁን ከወገቧ ሳያነሳ፣ በሌላው እጁ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

ቀትር ላይ በሩ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተከፈተ። ረስሚያ ሩጫ ከተወች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ያን ቀን ሮጠች። አምቡላንሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱን ከሂያም ባል እጅ አኖረችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

በአራተኛው ቀን ሂያም ቤቷ ገብታ ደወለችላት።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ምስሩን ጨው አበዛሽበት ብዬ ከአማቴ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነው።»

«እንግዲያ ድነሻል» አለች ረስሚያ። ስልኩን ዘግታ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ያን ቀን ስትሮጥ ጥላው የመጣችውን የወይራ ጆንያዋን ፍለጋ ወጣች።