ዳገት አልወጣም ያለው መኪና

ሰው ሥራዬን ሲነካብኝ አልወድም። አልወድም ስል ቅር ይለኛል ማለቴ አይደለም፤ ደሜ ይፈላል፣ ዓይኔ ምንም አያይም። ሸምግዬ እንኳ አልበረደልኝም። ያኔማ ወጣት ነበርኩ፤ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጭነት ድርጅት ጋራዥ መካኒክ ሆኜ እሠራ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰው ሁሉ ንዴቱን ውጦ የሚያድርበት ጊዜ። እኔ ግን መዋጥ አይሆንልኝም።

ያበገነኝ አንድ ባለ ቱርቦ የጭነት መኪና ነው። ቱርቦ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ አንድ ነገር ያሽከረክራል፣ እሱ ደግሞ አየር እያፈነ መልሶ ወደ ሞተሩ ይነፋል። አየሩ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ ለናፍጣ ፓምፑ የምትነግረው አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። በጎማዋ መሃል የናስ መቆጣጠሪያ ተቀጥሏል፤ ራሱ ላይ ቡሎን፣ ቡሎኑ ላይ ደግሞ ማጥበቂያ ዳዶ አለው። በእጅህ እያጠበቅህ እያላላህ ግፊቱን ትመጥናለህ። ከላላ አየሩ በዚያ በኩል ያመልጣል፣ ፓምፑ ናፍጣ ይነፍጋል፣ መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በዚያ ሰሞን ድርጅቱ መኪኖቹን ከነሾፌሮቻቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር እንዲልክ ታዘዘ። ስንቅና ጥይት ሊያመላልሱ ነው። ከዚያ በፊት ሄደው ከነበሩት ሾፌሮች ተመልሶ ያየነው የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ መኪና ከመላኩ በፊት አሸዋ ተጭኖበት ከዊንጌት ተነሥቶ የቁስቋምን ዳገት መውጣት አለበት። የወጣ ይሄዳል፤ ያልወጣ እስኪወጣ ድረስ የመካኒኩ አበሳ ነው።

አለቃችን ካድሬ ነበር። ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቀው፣ ናፍጣና ቤንዚን አሽትቶ አይለይም። ጠዋት እኔ ራሴ ከሾፌሩ ጋር ስወጣበት መኪናው ዳገቱን ጥርግ አድርጎ ይወጣል። ከሰዓት እሱ ሊያይ ሲመጣ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይሞታል። ሰውዬው ጋቢና ውስጥ ተኮፍሶ ወደ እኔ ይዞራል።

«ጠዋት ወጣ አላልከኝም?»

«ወጥቶ ነበር፣ ጓድ።»

«እንግዲህ ስማ። እስከ ቅዳሜ ካልወጣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው!»

አሻጥር! ያቺ ቃል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረች ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ የሚያቀብልበት እስር ቤት ካገኘ ዕድለኛ ነው። አጥብቄ በሠራሁት መኪና፣ ገና በማለዳ እጄን ዘይት ነክሬ በምለፋበት፣ እኔ አሻጥረኛ!

ምን ያላደረግኩት ነገር አለ? የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍኩ። ቧንቧዎቹን በሙሉ የሳሙና ውኃ ቀባኋቸው፣ አንድ አረፋ የለም። ቱርቦውን ፈትቼ ዘንጉን በጣቴ አዞርኩት፣ ወለም ዘለም አይልም። የናፍጣ ማጣሪያውንም ቀየርኩ። መጨረሻ ላይ ወደዚያች መቆጣጠሪያ ዞርኩ፤ ላልታለች። አጠበቅኳት። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ላላች። ንዝረት ነው አልኩ ለራሴ። ግን ጠዋት ጠብቆ እየዋለ ከምሳ በኋላ ብቻ የሚላላ ዳዶ የት አገር ነው ያለው? በክብሪት እንጨት ቀይ ቀለም ነክሬ ከዳዶው እስከ ናሱ ድረስ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ከምሳ መልስ ሳየው ዳዶው ዞሯል፣ መስመሩ ለሁለት ተለያይቷል። ንዝረት አይደለም፣ የሰው እጅ ነው።

በዚያ ቅጽበት ያገኘሁትን ሰው አንቄ እገድል ነበር። በማግስቱ ምሳዬን ትቼ አጠገቡ ከቆመው መኪና ሥር ተጋደምኩ። ጋራዡ ጭር ሲል አንድ ሰው ቀስ ብሎ መጣና ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ተወርውሬ ወጥቼ ኮሌታውን ጨመደድኩት። የራሱ የመኪናው ሾፌር ነው!

ይህ ሾፌር ከጋራዡ ሁሉ ጭምቱ ሰው ነበር። ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት። አይጠጣም፣ አይሳደብም። እኔ ስሳደብ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ዊንጌት አካባቢ ነው የሚኖረው፣ ሚስቱ ገና አራስ ናት።

«አንተ!» አልኩት። «አንተ የእግዜር ሰው! አንተ ነህ ለካ!»

«ቀስ በል፣ ይሰሙናል።»

«ይስሙና! እኔን እኮ ሊበሉኝ ነው! ሰውዬው አሻጥር እያለኝ ነው፣ አንተ እዚህ ዳዶ ትፈታለህ?»

«ባንተ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «መኪናው ከቀረ እኔም እቀራለሁ ብዬ ነው። ወንድሜን እዚያው ግንባር በልተውታል። እኔም ከሄድኩ ያቺን አራስ ለማን ልተዋት?»

«አለቃው ቢጠይቅህስ? ምን ልትለው ነው?»

«ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። እኔ አልዋሽም።»

ይህን ጊዜ ነው ንዴቴ አናቴ ላይ የወጣው። «አትዋሽም? ዳዶ መፍታቱ ተፈቅዶ መዋሸቱ ነው የተከለከለው?»

«እሱንም እየጸለይኩበት ነው» አለኝ፣ የምሩን።

ልስቅም ልመታውም ቃጣኝ። ዓይኔ ዳዶው ላይ አረፈ፤ ማዕዘኑ ሁሉ ተበልቶ ድቡልቡል ብሏል። በፒንሳ ነው የፈታው! በፒንሳ! የናስ ዳዶ በፒንሳ ይነካል? «ዕውር እንኳ በዳሰሳ ያውቅብሃል፣ አንተ ቂል!» ብዬ ፒንሳውን ነጥቄ ወረወርኩት። «ሁለተኛ እዚህ ሞተር አጠገብ እንዳላይህ!» እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ከሰዓት አለቃው መጣ። መኪናውን እንኳ አላየም፤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ እየጮኸ የአድኃሪ ርዝራዥ ብሎ ሰደበኝ። «ይህ መኪናና ይህ ሾፌር ሰኞ ሰሜን ናቸው» አለ። «ካልሆነ አንተ የምትሄድበትን አውቃለሁ!» ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ንዴቴ በሙሉ በሾፌሩ ላይ ነበር። አለቃው አፉን ሲከፍት ግን ንዴቴ ዞረ። ቆይ፣ አልኩ በሆዴ። ዳዶውንም አታገኘው፣ እኔንም አታገኘኝ፣ እሱንም አታገኘው።

አዲስ ዳዶ አሰርኩ፣ እንከን የለሽ አድርጌ አጠበቅኩት። ቀጭኗን ጎማ አወጣሁና በምትኳ የግሉኮስ ጎማ ገጠምኩ፤ ያ ሐኪም ቤት ደም ሥር ላይ የሚሰኩት ዓይነት። መለዋወጫ በጠፋበት በዚያ ዘመን የግሉኮስ ጎማ ያልገባበት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም፤ ማንም አይደነቅበትም። ደግሞም ዋናውን ጎማ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄጄ በሰው ፊት ጠይቄ፣ የለም ተብያለሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የግሉኮስ ጎማ ደኅና ይይዛል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል ግን ይለሰልሳል፣ ያብጥና ከአፉ ይወልቃል። ለሾፌሩ ምንም አልነገርኩትም። የማያውቀውን ነገር ቢጠይቁት መዋሸት አይኖርበትም።

ቅዳሜ ሦስታችንም ጋቢና ገባን፣ ሾፌሩ፣ አለቃውና እኔ። ከዊንጌት ስንነሣ መኪናው ይፈነጥዛል። አለቃው ጢሙን እያሻሸ «አየህ፣ ስትፈራ ትሠራለህ» አለኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ሾፌሩ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያል። ቁስቋም ማርያም ስትታየን ሞተሩ ኡፍ ብሎ እንደሚተነፍስ ሰው አደረገውና ጉልበቱ ከዳው። ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ።

አለቃው ሾፌሩን አፈጠጠበት። «ነክተኸዋል?»

«ዛሬ አልነካሁትም» አለ ያ ጉድ።

ዛሬ! ዘልዬ ወርጄ «ጎማው ነው ጓድ! ይኸው ይዩት!» እያልኩ ጮህኩ፤ መጮህ የለመድኩት ነገር ስለሆነ አላስነቃም። ወርዶ ጎማዋን ሲነካት ጣቱን አቃጠለችውና እጁን እያራገፈ ዘለለ። «መለዋወጫ የለም ተባልኩ፣ በምን ልሥራው?» አልኩት። ግምጃ ቤቱን የሚያዘው እሱ ራሱ ነው። ጣቱን እያሸ «ይህ መኪና ለግዳጅ አይበቃም» አለ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ፣ ገና በፀሐይ፣ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። «እቴ፣ መኪናው አይላክም። ቀርቷል» አልኳት። «እውነትህን ነው፣ ወንድም ጋሼ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። «ጌታ ይባርክህ፣ ጌታ ይባርክህ» እያለች ትከሻዬን ሳመችኝ። እኔ በደስታዬም ላይ ተቆጣሁ መሰለኝ፣ «በቃ፣ በቃ» ብዬ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ ተሰልፈው ሞተራቸው እየጮኸ ነው። ከመኪኖቹ የአንዱ ሾፌር ጠፍቶ ቀርቷል፤ ቤቱ ቢፈለግ የለም። አለቃው ሰልፉን እያየ መጣና የኛን ሾፌር በጣቱ ጠራው።

«አንተ! ና እዚህ፣ ይሄን ያዝ።»

«ጓድ፣ የእሱ መኪና እኮ ቀርቷል!» አልኩ።

«የተበላሸው መኪናው ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «እሱ ደኅና ነው።»

ወደ እሱ ስወረወር የሥራ ጓደኞቼ ከኋላ ያዙኝ። አፌን በእጃቸው አፈኑኝ። ሾፌሩ ጋቢና ወጣ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም፣ «አራሷን» ብቻ አለኝ በመስኮቱ። ሰልፉ በር ወጥቶ ሄደ። የኛ መኪና፣ ያ ለግዳጅ የማይበቃው፣ ግቢው መሃል ብቻውን ቀረ።

በምሳ ሰዓት ሚስቱ መጣች። በጨርቅ የቋጠረችው ሳህን በእጇ ነው። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት መኪናውን ከሩቅ አየችው፣ ፊቷ በራ። «ይኸው ቆሟል! እኔማ ጠዋት የመኪኖቹን ጫጫታ ስሰማ ልቤ ጠፍቶ ነበር» እያለች እየሳቀች ወደ እኔ መጣች፣ ሳህኑንም ዘረጋችልኝ። «ሥራ ላይ ከሆነ ስጥልኝ፣ ሳይቀዘቅዝ ይብላ።»

ለሰው እንደዚያ ያለ ነገር እንዴት በቀስታ እንደሚነገር አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም። «መኪናውን ምን ያደርግልሻል!» ብዬ ጮህኩባት፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። «እሱን ነው የወሰዱት! እሱን!»