ሹፌሯ ከባስ የወረደችበት ዕለት

ግንቦት በገባ ቁጥር እታፈራሁ ሦስት አራት ጊዜ ወደ አንድ ጫካ ትሄዳለች። ትሄዳለች ይባል እንጂ ጫካውን አይታው አታውቅም። የምታውቀው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሮዝቪል ካለ አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ጭና፣ ከተማውን በደቡብ በኩል ለቃ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ትነዳለች። የእርሻው ሜዳ እያለቀ ሲመጣ መሬቱ መጎድጎድ ይጀምራል፤ ለመንገድ ሲባል የተቆረጠው ጉብታ በሁለቱም በኩል ቢጫማ የኖራ ድንጋይ ያሳያል፤ ድንጋዩ ተደራርቦ የተቀመጠ ነው፣ ሰው የካበው ይመስላል። እዚያ ጋ ወደ ግራ ታጥፋ ጠጠሩ ላይ ትቆማለች። በሩን ስትከፍት ልጆቹ እንደ ፈሰሰ ሽንብራ ይበተናሉ፤ አስተማሪያቸው ሰብስባ ወደ ዛፎቹ ይዛቸው ትገባለች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ፣ ኪሳቸው በጠጠር ተወጥሮ ይመለሳሉ። እሷ እስከዚያ ባሱ ውስጥ ምሳዋን ትበላለች፣ መዝሙር ትሰማለች፣ አንዳንዴም ሸለብ ያደርጋታል። እንዲህ ስታደርግ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

አብራቸው እንድትገባ የጋበዟት አስተማሪዎች ነበሩ። ሹፌር ባሱን ትቶ አይሄድም የሚል ደንብ ስላለ እሱን ትጠቅስላቸዋለች። ደንቡ ባይኖርም ግን አትወርድም ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቷ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ስትሻገር ዘጠኝ ቀን በቁጥቋጦ መሃል ሄዳለች። በዛፍ መሃል በእግሬ የምሄደውን ያኔ ጨርሻለሁ ብላ ታስባለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

ናይሮቢ አምስት ዓመት ቆይታ ሚኒሶታ ስትገባ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ከሁለት ሴቶች ጋር ተዳበለች። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ገፋች። ሰረቀብርሃንን ያገኘችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የኦፕሬሽን ዕቃ የሚያጥብ ዝምተኛ ሰው ነው። ተጋቡና ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ገቡ፤ ፊልሞን የሚባል ልጅ ወለዱ፤ ፊልሞንም አድጎ ሥራ ይዞ ዴንቨር ሄደ።

የባስ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የጣላት መንዳቱ አልነበረም። ፈተናው ላይ ሹፌሩ ባሱን እየዞረ፣ እያንዳንዱን መብራት፣ ጎማና ቱቦ በጣቱ እየነካ፣ ስሙንና ደህንነቱን በእንግሊዝኛ መናገር አለበት። በሦስተኛው ወረቀቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛው ቀረበች። ፈታኙ መሃል ላይ ሊያቋርጣት ቢሞክር፣ ካቆመች የሚጠፋባት መስሏት እስከ መጨረሻው አነበነበችውና አለፈች።

ከባሱ የወረደችበት ዕለት ሐሙስ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቹ እየተሳፈሩ ሳለ አንዲት ወጣት እናት ወደ ባሱ በር ተጠጋች። ሊዲያ ትባላለች፤ ልጇ ኢያኤል ንብ ከነደፋት ጉሮሮዋ ያብጣል። ያኔ የምትወጋው መርፌ አስተማሪዋ በምትይዘው ቀይ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ነገረቻት፤ ልጅቷን ላስቀራት ነበር፣ አልቅሳ አስቸገረችኝ አለች። ከዚያም፣ "እትዬ፣ እርስዎም አደራዎን" አለቻት።

እታፈራሁ፣ "አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም" አለች። ሰው እንደሚለው ያለችው ነው፤ ነገሩ የአስተማሪዋ እንጂ የእሷ እንዳልሆነም ታውቃለች።

ጫካው ጋ ደርሰው ልጆቹ ከወረዱ በኋላ እንደ ልማዷ ወደ ባሱ ኋላ ሄደች። ተኝቶ የቀረ ልጅ እንዳይኖር እያንዳንዱን ወንበር አይቶ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁልፍ መጫን ግዴታ ነው፤ ካልተጫነች ባሱ ይጮሃል። ቁልፏን ተጭና ስትመለስ ስልክ ተደወለላት፤ ሰረቀብርሃን ነው፣ ስለ ቤታቸው ማሞቂያ ጠየቃት። መስመሩ እየተቆራረጠ ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። ቆሻሻ ልትሰበስብ እንደገና ስትነሳ ነው ዘጠነኛው ወንበር ላይ፣ አንድ ሹራብ ሥር ቀይ ነገር ያየችው። ሹራቡን አነሳች። ቦርሳው ነው። በዚፑ በኩል የኢያኤል ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ተንጠልጥሏል።

አስተማሪዋ ጋ ደወለች፤ አይሠራም። መኪና ማቆሚያው ላይ እንኳ ስልኩ የሚይዘው በግድ ነው፤ ሸለቆው ውስጥማ ጨርሶ አይይዝም። ቀጥሎ ቢሮ ደወለች። ያነሳው ዲንሳ የሚባል የወለጋ ልጅ ነው፤ ሹፌሮችን በስልክ የሚያሰማራው እሱ ነው። ኃላፊዋን ጠይቄ ልምጣ ብሎ አቆያትና ተመልሶ፣ "እትዬ እታፈራሁ፣ ከባሱ እንዳትርቂ ተብሏል፤ የፓርኩ ሰዎች ጋ እንደውላለን" አላት።

የፓርኩ ቢሮ ከፊቷ ነው፤ በሩ ላይ እስከ እኩለ ቀን ዝግ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ይህንንም ነገረችው። ዲንሳም፣ ቢሆንም ትጠብቅ ነው የተባልኩት አላት።

ጠበቀች። አምስት ደቂቃ ይሆናል። ፓርኪንጉ ዳር ነጭ አበባ ያወጣ ቁጥቋጦ አለ፤ በመስኮቱ በኩል ስታየው ንቦቹ ከአበባ አበባ ይዘዋወራሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥቋጦውን ከነመኖሩም ልብ ብላው አታውቅም። ከዚያ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቦርሳውን አነገተችና ሄደች።

የእግር መንገዱ መግቢያ ላይ ካርታ ተተክሏል። ዙሪያውን ሄዶ እዚያው የሚመለስ መንገድ ነው፤ አንድ ማይል ተኩል፣ ለሕፃናትም የሚሆን ይላል። እታፈራሁ ካርታውን እንደ ባስ መስመር አየችው። ልጆቹ ከሄዱ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ጉልበቷ ከኋላ ተከትላ አትደርስባቸውም። ግን በቀኝ ገብተው በግራ እንደሚወጡ ከወንበሯ ሆና አሥራ አንድ ዓመት አይታለች። ስለዚህ በመውጫው ገባች። የትም ቢሆኑ ፊት ለፊት መገናኘታቸው አይቀርም።

መንገዱ መጀመሪያ የእንጨት ፍቅፋቂ የተነጠፈበት ልስልስ መሬት ነበር። ቁጥር የተጻፈባቸው አጫጭር እንጨቶች በየቦታው ቆመዋል፤ እሷ ያገኘቻቸው ከመጨረሻው ቁጥር ጀምሮ ነው። ትንሽ እንደሄደች መሬቱ ተደርምሶ የተፈጠረ ጉድጓድ አገኘች፤ በአጥር ተከልሏል፤ ውስጡ ዛፍ በቅሎ ጫፉ ከእግሯ እኩል ሆኗል። ከዚያ የእንጨት ደረጃ ወደ ታች ይወስዳል። በግራዋ የኖራ ድንጋዩ ግድግዳ ሠርቶ ቆሟል፤ በአንዱ ስንጥቅ በኩል የሚወጣው አየር እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። እጇን አስጠግታ ሞከረችው፤ ቀጥላ ሄደች።

ደረጃውን ጨርሳ ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው ያስተዋለችው። የእርምጃዋ ድምፅ አይሰማም። መንገዱ ላይ ደረቅ ቅጠል አለ፣ ጭራሮ አለ፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ጭራሮ እያለፈች፣ የእግሯን ዳር አስቀድማ እያሳረፈች ነው የምትራመደው። ያኔ መንገድ መሪያቸው የነበረው ሰውዬ እንዲህ ሂዱ ብሎ ያስተማራቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን ማንም አላዘዛትም፤ እግሯ ራሱ አውቆ ነው።

ቆመች። ዙሪያዋን አየች፤ ዛፎች፣ ድንጋይ፣ ቁጥር ዘጠኝ የሚል እንጨት። ከዚያ ፊቷ ያለውን ጭራሮ ሆን ብላ ረገጠችው። ቀጭ አለ። ቀጣዩንም ረገጠች። የቀረውን መንገድ እግሯን እየጎተተችና እያንኳኳች፣ ሰው ቢያያት እስኪያፍርላት ድረስ እየረገጠች ሄደች።

ልጆቹን ያገኘቻቸው ምንጩ ጋ ነው። ውሃው ከድንጋዩ ሥር ይወጣል፤ ሃያ እርምጃ ያህል ይፈስና ተመልሶ መሬት ይገባል። ልጆቹ ዳር ዳሩን ተቀምጠው ብስኩት ይበላሉ። መጀመሪያ ያያት አንድ ልጅ የባሱ ሴትዮ መጣች ብሎ ተናገረ፤ ሁሉም ዞሩ። ተቀምጣ እንጂ ቆማ አይተዋት አያውቁም ነበርና፣ አንደኛዋ ለጎረቤቷ፣ አጭር ናት ስትላት ተሰማ።

ኢያኤል ደህና ናት። ጉልበቷ ላይ ጠጠር ደርድራ ትቆጥራለች።

አስተማሪዋ ሚስ ሊንድግረን ቀዩን ቦርሳ ስታይ መጀመሪያ አልገባትም፤ የያዘችው ረዳቷ መስሏት ነበር፤ ረዳቷም የያዘችው አስተማሪዋ መስሏት ነበር። ሲገባት ፊቷ ነጣ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ቦርሳውን ተቀበለች፣ መርፌው መኖሩን ከፍታ አየች፣ ትከሻዋ ላይ አነገተችው። አመሰግናለሁ አለች።

እታፈራሁ ኢያኤል አጠገብ አረፍ ብላ በአማርኛ ደህንነቷን ጠየቀቻት። ልጅቷ በእንግሊዝኛ መለሰች። ከጠጠሮቹም አንዱን አሳየቻት፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ማበጠሪያ መስመር መስመር ያለው ትንሽ ቅርፊት አለ። የባሕር እንስሳ ነው፣ እዚህ ባሕር ነበር አለቻት።

"መቼ ነው የነበረው?"

ኢያኤል አሰበች። "ከመወለዴ በፊት" አለች በእንግሊዝኛ፤ ፊቷን አየት አድርጋ ደግሞ፣ "አንቺም ከመወለድሽ በፊት" ብላ ጨመረች።

ሲመለሱ እታፈራሁ ከሁሉም ኋላ ሆነች። በየደረጃው መጨረሻ ትቆጥራቸዋለች፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ባሱ እንደተወችው ቆሟል። ስልኳ ግን ሲይዝ ሰባት ያልተነሳ ጥሪ አሳየ፤ ሁሉም የዲንሳ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሊዲያ ባሱ በር ላይ መጣች። አስተማሪዋ ነግራታለች። "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ አለች። ከኋላ ልጆች እየገፉ ስለነበር ዞር ብላ መንገድ ለቀቀች።

ሰኞ ኃላፊዋ አስጠራቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ባሱ ተሰብሮ ተዘርፎ ቢሆንስ፣ ልጆቹ በሌላ መንገድ ተመልሰው ዝግ ቢያገኙትስ፣ አንቺስ ወድቀሽ ቢሆን ማን ያውቅ ነበር ብላ ጠየቀቻት። እታፈራሁ ሁሉም እውነት መሆኑን አመነች። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጣት፤ ለክረምት ዕረፍት ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ከፊልድ ትሪፕ ጉዞ ታግደሻል ይላል። ከታች ሹፌሩ አስተያየቱን የሚጽፍበት ባዶ መስመር አለ። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየችና በእንግሊዝኛ እንዲህ ጻፈች፤ "ድጋሚም ቢሆን ቦርሳውን አደርሳለሁ።" ፈረመች። ኃላፊዋ አነበበችና ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ኮሪደሩ ላይ ዲንሳ ይቅርታ ጠየቃት። አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው አለችው፤ ከልቧ ነው።

አስተማሪዋ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈች፤ እሱም እዚያው ፋይል ገባ። ማስጠንቀቂያው አልተነሳም። በክረምቱ ግን ሹፌሮች ከጉዞ በፊት በሚሞሉት ቅጽ ላይ፣ የመድኃኒት ቦርሳ ማን እንደያዘ የሚጠይቅ መስመር ተጨመረ። ከየት እንደመጣ አንዳንድ ሹፌሮች ተጠያየቁ። እሷም አብራ ሰማች።

ትምህርት ከተዘጋ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ሰረቀብርሃንን ወደዚያ ወሰደችው። እሱ ድራይቭ ማድረግ አይወድም፤ ስለዚህ እሷው ነዳች። መንገዱን በቀኝ ጀመሩት። ደረጃው ላይ ሦስቴ አረፈ፤ ምንጩ ጋ ሲደርሱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዙሪያውን አየ።

"እና እዚህ ምንድነው ያለው?" አላት።

"ድንጋይ አለ። ውሃ አለ" አለችው።

ከዚያ ያን ቀን ስትመጣ አረማመዷን እንዴት እንዳስተዋለችው ነገረችው። ሰረቀብርሃን ወደ ጫማው አየ።

"ሥራ ቦታ ስመጣ ኮቴዬ አይሰማም" አላት። "ሰው ይደነግጣል። አንዷ ነርስ ጫማህ ላይ ቃጭል ልሰርልህ ብላኛለች። ጠባዬ ነው ብዬ ነበር የማስበው።"

በትዳር ሃያ አምስት ዓመት ኖረዋል። እሱ በመተማ በኩል እንደወጣ ታውቃለች፤ እሷ በሞያሌ እንደወጣች ያውቃል። ስንት ቀን እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ፣ ውሃ ከየት ያገኙ እንደነበር ግን ጠይቃው አታውቅም ነበር፤ እሱም አልጠየቃትም። አሁን ተጠያየቁ። እሱ ስድስት ቀን ነው የሄደው፤ አንድ ጓደኛው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስሙን ነገራት። ስለዚህ ጓደኛው ሰምታ አታውቅም ነበር። እየተናገረ ሳለ ሕፃን ያዘሉ ባልና ሚስት መጡና ፎቶ አንሱን አሏቸው። ሰረቀብርሃን ተነስቶ አነሳቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ብሎ ደገማቸው። ተመልሶ ሲቀመጥ ከተወበት ቀጠለላት።

በዚያ ክረምት አራት ጊዜ ሄዱ። አንዱን ፊልሞን ለእረፍት መጥቶ አብሯቸው ሄደ፤ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ሳያወልቅ ቀድሟቸው ዞሮ መኪናው ጋ ጠበቃቸው። መስከረም ላይ ስሟ ወደ ጉዞ ዝርዝሩ ተመለሰ። በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይ በሆነ ጊዜ፣ ሲሄዱ ደረጃው ለጥገና ተዘግቷል የሚል ጽሑፍ አገኙ። ሁለቱም አነበቡት። ምሳቸውን መኪናው ውስጥ፣ ካቆሙበት እያወሩ፣ በሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።